የፈንታው ግዝት

ወልድያ ላይ ጎማው የተነፈሰበት ሹፌር ሁሉ ሸሻይን ያውቀዋል። ከዋናው መንገድ ዳር፣ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ አሮጌ ጎማ የሰቀለው ጎሚስታ እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደ መቀሌ የሚወጣውንም ወደ ደሴ የሚወርደውንም ሲለጥፍና ሲነፋ ኖረ፤ ራሱ ግን የትም አልሄደም። ደሴ ሁለት ጊዜ፣ አዲስ አበባ አንድ ጊዜ ለሠርግ፤ በቃ። የባጃጅ ነጂዎቹ አገር ምድሩን አሳፍሮ እሱ ከመቀመጫ ድንጋዩ ሳይነሣ ሊያረጅ መሆኑን እያነሡ ሲያበሽቁት አብሯቸው ይስቅ ነበር።

ደግሞስ ወዴት ይሂድ? አገርህ የት ነው ሲሉት አባቱ ሃፍተ የመጣበትን እንደርታን ይጠራል። እንደርታን አይቶት አያውቅም። የእናትህስ አገር ብሎ የጠየቀው ሰው ደግሞ በሃምሳ አራት ዓመቱ አንድም አልነበረም። እኛ እንዲህ ነን፤ ሰውን በአባቱ ቆጥረን እንጨርሰዋለን፣ እናት ከሰማይ ዱብ ያለች ይመስል።

እናቱ ውባለም ከሰማይ ዱብ አላለችም። የሀብሩ ልጅ ናት፤ ከመርሳ በላይ የግማሽ ቀን ዳገት ከሚያስወጣው ከወይራ አምባ። ሸሻይ ይህን የሚያውቀው እንደ ወሬ ነው። የሚያስታውሰው ነገር ቢኖር አንድ ነው። በገበያ ቀን የወይራ አምባ ሴቶች ባቄላና ጌሾ ተሸክመው ወልድያ ሲገቡ፣ እናቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትጎትትና ከአንዱ ሱቅ ጥግ ቆማ ታያቸዋለች። ሸጠው፣ ጨው ገዝተው፣ እስኪሄዱ አትንቀሳቀስም። ከዚያ ቤት ትገባና "የዘንድሮ ባቄላ ያማረ ነው" ትላለች። ልጅ ሆኖ የተጣሉ ይመስለው ነበር፤ ካደገ በኋላ ደግሞ ነገሩን ለምዶት መገረሙንም ተወው። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር መኪናና የግማሽ ቀን ዳገት ነው፤ ልጅ ነኝ የሚል ሰው አንድ ቀን "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አይልም? አላለም።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ሐምሌ ላይ ጦርነቱ ቆቦን አልፎ ወደ ወልድያ ሲያዘነብል ከተማው ውሉ ጠፋ። ባንኩ ዘጋ፣ ጤፍ ተደበቀ፣ ሰው ጎረቤቱን ከእግር እስከ ራሱ ማየት ጀመረ። ሸሻይ ባጃጁን ከአዲስነቷ ጀምሮ የጠገነለት አንድ ጎረምሳ ዱላ ይዞ መጣና መታወቂያ አምጣ አለው። ሰጠው። መታወቂያው የወልድያ ነው፤ ስሙ ግን የሰሜን ነው። ጎረምሳው ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አገላብጦ መለሰለት እንጂ ምንም አላደረገውም። ሸሻይ ግን ያን ቀን ከመነዳሪ ሲለጥፍ ማጣበቂያውን ማስቲሽ መሬት ላይ አፈሰሰው።

ሚስቱን ቤተልሔምንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን በአንድ ወዳጁ አይሱዙ ወደ ደሴ ሰደደ። እናቱ በዚያ ሰሞን ደረቷን ይዟት ስለነበር ከጭነት ላይ መቀመጥ አልቻለችም። በማግስቱ በባጃጅ መርሳ ድረስ ወሰዳት። ከመርሳ ወዲያ መኪና የለም፤ ያለውም ሰው በሰው ላይ ተጭኖበታል። ሟች ባሏ የሸሻይ ደንበኛ የነበረ፣ አልማዝ የምትባል ሻይ ሻጭ እዚያ ነበረች። እሷ በሯን ከፍታ አስገባቻቸው፤ አልጋዋንም ለውባለም ለቀቀች።

አልማዝ ናት ነገሩን ያነሣችው። በደጋው በኩል ዘመድ ካላችሁ ጦር እዚያ ድረስ ምን ሊያደርግ ይወጣል፣ አለች። ሸሻይ ወደ እናቱ ዞረ። ወይራ አምባ ከዚህ ግማሽ ቀን ነው። ታላቅ ወንድሟ ዓለምነህ በሕይወት እንዳለ ደግሞ እሷው ራሷ ከገበያተኛ ወሬ ሰምታ ታውቃለች። በቅሎም አህያም ተከራይቶ ሊያወጣት እንደሚችል ነገራት። ውባለም ራሷን ነቀነቀች። በሰባ ሰባት ዓመቷ፣ መድፉ ከጀርባዋ እያጓራ፣ ለልጇ ያልነገረችውን ነገረችው።

አባቷ ፈንታው ለአንድ የወይራ አምባ ቤተሰብ ልጄን ሰጥቻለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። እሷ ደግሞ ማርና ሰም እየገዛ በዚያ የሚያልፈውን ሃፍተን ወደደችና በአሥራ ሰባት ዓመቷ ተከትላው ጠፋች። ፈንታው የተቆጣው ሰውዬው ትግሬ ስለሆነ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ይህ ነገር የዛሬውን ያህል ጥርስ አልነበረውም። የተቆጣው ቃሉ ስለ ተዋረደ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከመድኃኔዓለም ደጅ ቆሞ በካህኑና በሕዝቡ ፊት ገዘተ፦ ውባለም ወንዛችንን ተሻግራ ደጄን ብትረግጥ፣ ከቤቴ አፍ ይቅር እስክትባል፣ መድኃኔዓለም ይፍረድባት። ይኸው ነው። ሰውየው ገዝቶ ቤቱ ገባ፤ እሷ ስድሳ ዓመት ከወንዙ ወዲህ ቀረች።

ሸሻይ ተናደደ። እውነት ለመናገር የተናደደው በእናቱ ላይ ነው።

"እማዬ፣ የገዘተሽ ሰው ከሞተ ስንት ዓመቱ።"

"የሞተ ሰው ግዝት ነው የሚከፋው" አለች። "በሕይወት ቢኖርማ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር።"

ሌላ ነገር ሁሉ ሞከረ። ለመናት፣ አስፈራራት፣ ተሸክሜሽ እሄዳለሁ አላት። የእሷ መልስ አንድ ነው። አባቷ ከሞተ የመፍታቱ ሥልጣን የታላቅ ወንድሟ ነው፤ እሱ ከፈታት በደስታ ትገባለች፣ ካልፈታት እዚህ አልማዝ አልጋ ላይ የመጣው ይምጣ። ስለዚህ ሐምሌ ሃያ አራት ቅዳሜ ጠዋት ሸሻይ ብቻውን ተነሣ። በሁለት ቀን፣ ቢዘገይ በሦስት ቀን እመለሳለሁ ብሎ ጉልበቷን ስሞ ወጣ።

መርሳን ለቆ ማንጎውንና ብርቱካኑን፣ የሸንኮራውን ማሳ ካለፈ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ተያያዘው። ወንዙ ጋ ሲደርስ ክረምቱ ገና ስላልበረታበት ሱሪውን ሰብስቦ ተሻገረ። ከወንዙ ቀና ብሎ ሲያይ ወይራ አምባ እንደ ሰገነት ከራሱ በላይ ተንጠልጥላለች፤ የጎጆዎቹ ጭስ ይታያል፣ የውሻ ጩኸትም ይሰማል። መንገዱ ግን ገደሉን እየዞረ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ሸሻይ በሕይወቱ የጎማ ጥርስ እንጂ የተራራ ጥርስ ልብ ብሎ አይቶ አያውቅም። እርከኑ በድንጋይ ተደርድሮ እስከ ጫፍ ይወጣል፤ በየእርከኑ ባቄላ አብቧል፣ ገብሱ ገና ሳር ነው። ውኃ ከየገደሉ ይወርዳል። ደመናው ከእሱ በታች ሲቀር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ ትታ የጎማ ሽታ ባለበት መንደር ስድሳ ዓመት የኖረች እናቱ ታወሰችው፤ ንዴቱም በዚያው ወጣለት።

አቶ ዓለምነህን ያገኛቸው ግቢያቸው ውስጥ የቆዳ ጠፍር ሲያለፉ ነው። ሰማንያን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። እንግዳውን አዩት፣ እጃቸውን ከሥራው አነሡ።

"አንተ፣ የእናቴን ጆሮ ከየት አመጣኸው?" አሉት።

ሸሻይ ማን እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ መንገድ ሙሉ ያጠናውን ልመና ጀመረ፤ አንቱ እያለ፣ ጎንበስ እያለ፣ እናቴን ይፍቱልኝ፣ ጦርነት ነው፣ ታማለች አለ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩት። ከዚያ የተናገሩትን ሸሻይ እስከ ዛሬ ቃል በቃል ይደግመዋል።

"ምኑ ነው የሚፈታው? አባቴ እኮ ፈቷት ነው የሞተ።"

ፈንታው የሞተው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። ሊሞት ሲል ካህኑን አስጠርቶ ግዝቱን አነሣና ውባለም አገሯ ትግባ አለ። መልእክቱን ሙላቱ የሚባል ጎረቤት ወልድያ ድረስ ሊያደርስ ይዞት ወረደ። ሙላቱን ግን ከወልድያ ገበያ ላይ ለሰፈራ ሰው ሲሰበስቡ መኪና ላይ ጫኑት፤ ወለጋ ነው ኢሉባቦር ተባለ፣ ዳግመኛ አልተመለሰም። ወይራ አምባ ይህን ያወቀችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ መልእክቱ ሳይደርስ መኪና ላይ መውጣቱን ግን ማንም ልብ አላለም። ውባለም ለቅሶም አልመጣች፣ ተዝካርም አልመጣች፤ ከተማ ጠግባ ቀረች ተባለ። እሷም ከዚያ ወዲህ የጠራኝ የለም ብላ በግዝቷ ተቀመጠች። ሠላሳ ስድስት ዓመት እነዚያ ሲቀየሙ፣ ይህች ስትፈራ፣ በየሳምንቱ በአንድ ገበያ ውስጥ ተላለፉ። አቶ ዓለምነህ ይህን ሲረዱ ጠፍሩን ጣሉና እንደ ልጅ አለቀሱ። ሚስታቸው አለሚቱም ከቤት ወጥታ ምን ሆነ ሳትል አብራ አለቀሰች።

እንግዲህ ሸሻይ የመጣበት ጉዳይ አልቋል። በማግስቱ እሑድ መመለስ ይችል ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ሲያወራ ድምፁ ይወርዳል፤ እኔም ብሆን እንዲህ ነው የምነግራችሁ፦ አልተመለሰም።

መጀመሪያ የአጎቱ ምክንያት ነው። ውባለምን ብቻህን አታመጣትም፣ አሉ። ስድሳ ዓመት የቀረች ሴት በኪራይ አህያ ተደብቃ አትገባም፤ ማክሰኞ ሃያ ሰባት ነው፣ የመድኃኔዓለም ማኅበር በእኔ ቤት ነው፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ባለበት ግዝቱ መነሣቱ ይነገርና ጎበዛዝት ቃሬዛ ይዘው ይወርዳሉ፣ በክብር ትገባለች። ሸሻይ ይህ ትክክል መሰለው። ደስም አለው። በዚህ ላይ ጦርነቱ ገና ከወልድያ በላይ ነው ይባላል፣ እናቱም አልማዝ ዘንድ አልጋ ላይ ናት።

እሑድና ሰኞ አገር ሲያሳዩት ዋሉ። የአጎቱ የልጅ ልጅ ፍፁም የሚባል ወጣት መሪ ሆኖ ከአምባው ጫፍ ወሰደው። ከዚያ ላይ መርሳ ትታያለች፣ የሐራ ሜዳና የባቡሩ ሐዲድ ይታያል፣ ከዚያም ወዲያ የአፋር ምድር በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቷል። ሸሻይ ሲለጥፋቸው የኖሩ መኪኖች የሚሮጡበት መንገድ ከዚያ ሲታይ ክር ናት። የአያቱን የፈንታውን እርከን አሳዩት፤ እናቱ ልጅ ሳለች ከወፍ ስትጠብቅበት የነበረውን ጉብታ አሳዩት። አለሚቱ ኑግ የገባበት በሶ አቀረበችለት። ያገኘው ሰው ሁሉ ስሙን ጠይቆ "የማ ልጅ?" ይለዋል፤ የውባለም ሲል፣ የፈንታው ይሉታል። ስሙ የሰሜን ነው ብሎ ያየው የለም።

ማክሰኞ ማኅበሩ ላይ አጎቱ አጠገባቸው አስቀምጠው ዘር አስቆጠሩት። ሸሻይ፣ ውባለም፣ ፈንታው ብሎ ቀጥ አለ፤ የቀሩትን አራት እሳቸው ሞሉለትና እስኪይዛቸው አስደገሙት። ሰባት ቤት። ማኅበርተኛው አጨበጨበለት። ካህኑ ተነሥተው የፈንታው ግዝት በሰባ ሰባት መነሣቱን፣ ውባለምም ነጻ መሆኗን ተናገሩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ከየት ነህ ሲባል ያላየውን አገር ሲጠራ የኖረ ሰው ያን ቀን ከየት እንደሆነ አወቀ። ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ጠላ ይቀዱለታል።

ረቡዕ መውረድ ነበረበት። ፍፁምም ጎበዛዝቱም ቃሬዛውን አዘጋጅተዋል። አጎቱ ግን ሌላ ነገር አመጡ። ቅዳሜ ነሐሴ አንድ ፍልሰታ ይገባል፤ ዓርብ ጾም ነው፤ ስለዚህ ቅበላው ሐሙስ ነው። የእህቴ ልጅ መጥቶ ሥጋ ሳላቀምሰው ጾም ቢገባብኝ ምን ይሉኛል፣ አሉ። ሐሙስ በግ እናርዳለን፤ ዓርብ በማለዳ ሁላችንም እንወርዳለን። ሸሻይ በሦስት ቀን እመለሳለሁ ብሎ የወጣበት ሦስተኛው ቀን እንዳለፈ ያውቃል። ስልክ ተቋርጧል። አንድ ቃል ቢናገር፣ አይ አንቱ ልሂድ ቢል፣ ማንም አያስቀረውም ነበር። አልተናገረም። በሕይወቱ እንዲህ የተቀበለው ሰው የለምና መጥገብ አልቻለም። እኔ አልፈርድበትም። እሱ ግን ይፈርዳል።

ሐሙስ በጉ ታረደ። ከሰፈሩ አንዱ ጦርነት እያለ ዘፈን ነውር አይሆንም ወይ ብሎ ነበር፤ አቶ ዓለምነህ ግን ለሐዘኑ ሁለት ሳምንት ጾም አለን፣ ዛሬ አጨብጭቡ አሉ። ከግቢው ጫፍ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ክብ ሠርተው ቆሙ። አለሚቱ አወጣች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፦

የእህቴ ልጅ መጣ ዳገቱን ጨርሶ፣
ያላየውን አገር በእግሩ ዳስሶ።

ሸሻይን መሃል አስገቡት። በሠርጉም ቀን እንዲህ አልጨፈረም። ጭብጨባው ገደሉን እየመታ ይመለሳል፤ እሱ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ሴቶቹ ይስቃሉ። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ አላቆሙም።

ዓርብ ጠዋት ቃሬዛውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ መድፉ በመርሳ አቅጣጫ ተሰማ። እንደ ሰሞኑ የሩቅ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ሰው ልጁንና ከብቱን እየነዳ ከቆላው ይወጣ ጀመር፤ ጦሩ አስፋልቱን ይዟል፣ ሌላውም ጦር ከታች እየተኮሰ ነው አሉ። ሸሻይ ሮጠ። ፍፁምና ሌሎች ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ይዘው መለሱት። መውጫው ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች የሚያልፈውን ሁሉ ስም ይጠይቃሉ።

"ስምህን ብትናገር እነዚህ ይገድሉሃል" አለው ፍፁም። "ብትደብቀው ደግሞ አስፋልቱን የያዙት ይገድሉሃል። እማማን አልማዝ ይዛታለች አላልከንም? በቃ ቆይ።"

ቆየ። ሌላ ምን ያደርጋል? በነጋ በጠባ ከአምባው ጫፍ ይቀመጣል። የሐራ ሜዳ እዚያው ነው፤ ጭጋጉም፣ እርከኑም፣ ፏፏቴውም እዚያው ናቸው። ሁሉም አስጠላው። አገር እንዲህ ቶሎ ያስጠላል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። አለሚቱ ሽሮ ታቀርብለታለች፤ አይበላም። ፍልሰታን የጾመው ለጽድቅ ነው እንዳትሉ፤ አልወርድለት ብሎ ነው። አጎቱ በበኩላቸው ስለ በጉ አንድ ቃል አላነሡም፤ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት ትተዋል።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ተኩሱ ከመርሳ አልፎ ወደ ውርጌሳ ወረደና መውጫው ላይ የነበሩት ሰዎች ቦታውን ለቀቁ። ሸሻይና ፍፁም ቃሬዛውን ተሸክመው በማለዳ ወረዱ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር በገመድ ተሻገሩ። ከወዲያ ማዶ፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ግቢ አለ። ከግቢው የስልሳ ዓመት ግድም ሴት ወጥታ ቆመች፤ ቃሬዛውን አየች፣ ከዚያ ሸሻይን አየች።

"አንተ ሸሻይ የሚሉህ ነህ?" አለችው።

ሙሂባ ትባላለች። አስገብታ አስቀመጠችውና ከመጀመሪያው ነገረችው። ሐምሌ ሃያ ስምንት፣ ረቡዕ፣ መርሳ ሰው ሁሉ ሲሸሽ አልማዝም ቤቷን ዘግታ ወደ ደሴ ሄደች። ውባለም ከእኔ ጋር ነይ ብትባል አሻፈረኝ አለች፤ ልጄ የሚወርደው በዚህ ነው ብላ ስለጸናች ወደ ደጋ የሚሸሹ ሰዎች አህያቸው ላይ አስቀምጠው ወንዙ ድረስ አመጧት። ሰዎቹ ተሻግረው በሌላ መንገድ ወደ ደጋው ወጡ። እሷ ከወንዙ ዳር ወረደችና ተቀመጠች። ተሻገሪ ብለው ለመኗት፤ ራሷን ነቀነቀች። ሙሂባ አስገብታ አስተኛቻት። ቀን ቀን ግን ከወንዙ ዳር ካልተቀመጥሁ ትላለች። ከወይራ አምባ የሚወርድ ሰው በሩቅ ሲታያት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትጎትታለች፤ ስለዚህ ከዚያ መንደር ማንም አላያትም፣ ማንም ግዝቱ ተነሥቷል አላላትም። ነገሩን የነገረችው ለሙሂባ ብቻ ነው፤ ሙሂባ ደግሞ የዚያ ደብር ሰው አይደለችም፣ ከምን ታውቃለች? ሐሙስ አንድ መንገደኛ ጨው ሻጭ በወይራ አምባ አልፎ ወርዶ ነበር። እሱን ደፍራ ጠየቀችው። አዎ፣ ሸሻይ የሚሉት እንግዳ አለ፣ በግ አርደውለታል፣ ደህና ነው አላት።

"እኔ ሰው ልላክና ልጥራው አልኳቸው" አለች ሙሂባ። "ወላሂ ወንድ ልጄ ለመሄድ ተነሥቶ ነበር። እምቢ አሉ። 'ተይው፣ ከአገሩ ጋር ገና መተዋወቁ ነው፤ ይጥገብ። ሲወርድ ቃሉን ይዞልኝ ይመጣል' አሉኝ።"

ከዓርብ ጀምሮ ዝናቡና ተኩሱ አንድ ላይ መጣ። ደረቷ ጠናባት። አምስት ቀን ሙሉ ከወዲያ ማዶ የሚመጣ ሰው እንዳለ ትጠይቅ ነበር፤ ነሐሴ አምስት ረቡዕ ረፋድ ላይ ጥያቄዋን ተወች። ካህን ፍለጋ ማንም መንቀሳቀስ አልቻለም። የሙሂባ ባልና ሁለት ክርስቲያን ስደተኞች ከማሳው ዳር ቀበሯት፤ ሙሂባ ለበዓል ባስቀመጠችው አዲስ አንሶላ ከፈነቻት። መቃብሩን አሳየችው። አፈሩ ከዝናቡ የተነሣ ወዲያው ሰርጎ ጠፍጣፋ ሆኗል።

ፍፁም ቃሬዛውን መሬት አስቀምጦ አለቀሰ። ሸሻይ ግን አላለቀሰም። ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ ቀና ብሎ ወደ ወይራ አምባ አየ። የአጎቱ ግቢ፣ ክብ ሠርተው የቆሙበት የገደሉ አፋፍ፣ ከራሱ በላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ሙሂባን አንድ ነገር ጠየቃት፤ ሐሙስ ዕለት ዘፈኑ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር ወይ አላት።

"ይሰማ ነበር እንጂ" አለች ሙሂባ። "እሳቸውም እዚህ ተቀምጠው አብረው ያጨበጭቡ ነበር።"